ስሙን ሳላውቅ የቆረጥኩት አበባ

ኮተቤ ወዳለው ቤታችን የገባነው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ቤቱ አሮጌ ነው። ልባችንን የወሰደው ግቢው ነበር። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ኖረናል። ልጄ አፈር ነክታ አታውቅም ማለት ይቻላል። በረንዳ ላይ በቀለም ባልዲ የተከልናት አንዲት ጤና አዳም ነበረችን፣ እሷም ደረቀችብን። ስለዚህ ደላላው በሩን ከፍቶ ጌሾውን፣ ሮማኑን፣ ጥግ ላይ የቆመውን ኮባ ሳይ የጣሪያውን ዝገት ማየት አልቻልኩም።

ከሁሉ በላይ ዓይኔን የሳበው ግን ቧንቧው አጠገብ ያለው ተክል ነው። ሦስት ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ግንዱ ግራጫ። አበባዎቹ ነጭ ናቸው፤ ከስንዝር ይረዝማሉ፤ አፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው እንደ መለከት ተንጠልጥለዋል። አንድ ቀን ጠዋት ቆጠርኳቸው፣ 43 ነበሩ። ቀን ላይ ሽታቸው እምብዛም ነው። አስራ ሁለት ሰዓት አልፎ ሲጨላልም ግን ግቢውን ያውዱታል። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ወደ ቤት ሳይገባ ቧንቧው ጋ ለአፍታ ቆም ይላል። እኔም እራት ሠርቼ ስጨርስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አሸታለሁ።

ስሙን ማወቅ ፈለግሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስሙን ለማወቅ ስሞክር የሠራኋቸውን ስህተቶች ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ብዬ ነው። በተለይ አዲስ ግቢ ለገባችሁና ትንሽ ልጅ ላላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ፎቶው ነው። በጣም የሚያምረውን አበባ መርጬ፣ ተጠግቼ፣ አበባውን ብቻ አነሳሁ። ቅጠል የለበትም፣ ግንድ የለበትም። ፎቶውን ተክል የሚለይ አፕ ላይ ጫንኩት። አፑ ሦስት ስሞች ደረደረልኝ። ሦስቱም የማላውቃቸው የላቲን ስሞች ነበሩ። የትኛው እንደሆነ ማጣራት ሲገባኝ ስልኬን ዘጋሁት።

ሁለተኛው ስህተት ያንኑ ፎቶ ሜሪላንድ ላለችው እህቴ መላኬ ነው። እሷ አትክልት ትወዳለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መለሰችልኝ፦ «አንቺ፣ ይሄማ ትራምፔት ነው! የጎረቤቴን አጥር ሞልቶታል። በየዓመቱ ከስሩ ነው የሚቆርጡት፣ ምንም አይሆንም።» እህቴ አልዋሸችም። እሷ የምታውቀው ትራምፔት አለ። ብርቱካናማ አበባ ያለው፣ አጥር ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ አገሩም እዚያው አሜሪካ ነው። ትራምፔት የሚባሉ አበባዎች ግን ብዙ እንደሆኑ ሁለታችንም አላሰብንም። መለከት የሚመስሉ ብዙ አበባዎች በእንግሊዝኛ ትራምፔት ይባላሉ። አንዱ ሐረግ ነው፣ አንዱ ቁጥቋጦ ነው፣ አንዱ ጉዳት የለውም፣ አንዱ ሰው ይገድላል። እኔ በዚያ ስም ፈልጌ ስለ ሐረጉ አነበብኩ። «ቢበዛ ቆዳ ያሳክካል» ይላል። አረፍኩ።

ሦስተኛው ስህተት ዛሬም ያሳፍረኛል። የጎረቤታችን እማማ አንድ እሁድ ቡና ሊጠጡ መጡ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ተክሉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንድ የወደቀ ቅጠል በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አነሱና ጨመቅ አድርገው አሸተቱት። ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ይሄ የአስተናግር ዘመድ ነው ልጄ። ሽታው ራሱ ነው። ከልጅቷ አርቂው።»

«አስተናግርማ መንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ፍሬው እሾህ እሾህ ያለው አይደል እማማ? ይሄ እኮ ዛፍ ነው፣» አልኳቸው። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት። የእህቴን ስም አምኜ፣ ከዚያ ሽታ ጋር ሰማንያ ዓመት የኖሩትን እናት ናቅኩ። እሳቸውም አልተከራከሩኝም። ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀውን ሄዱ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ዝናቡ ሳይበረታ ግቢውን ላስተካክል ተነሳሁ። ቅዳሜ ነበር። የዚያ ተክል የታችኛው ቅርንጫፎች ቧንቧውን ሸፍነውት ነበርና በአትክልት መቀስ መቁረጥ ጀመርኩ። ጓንት አላደረግኩም። ቅርንጫፉ ለስላሳ ነው፣ ሲቆረጥ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። ወተት ቢመስል ኖሮ እጠነቀቅ ነበር። የቅንጭብ ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ ተነግሮን አይደል ያደግነው? ይሄ ግን ውሃ ነው የሚመስለው። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ በእጄ ጀርባ ጠረግኩት። ይኼው ነው የሆነው። አንድ ጊዜ ነው የጠረግኩት።

ማታ ስልኬን ላነብ ስል ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። ድካም መሰለኝ። የሳሎኑ መብራት ደግሞ ቀኝ ዓይኔን ወጋኝ። ልጄ እራቷን እየበላች ቀና ብላ አየችኝና «እማዬ፣ አንዱ ዓይንሽ ጠቁሯል» አለችኝ። መስታወት ፊት ቆምኩ። የግራው ደህና ነው። የቀኙ ግን መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ክብ ተስፋፍቶ ቡናማው ቀለም እንደ ቀጭን ቀለበት ዙሪያውን ብቻ ቀርቷል። የእጅ ባትሪ አበራሁበት። የግራው ጥብብ አለ። የቀኙ ንቅንቅ አላለም።

አባቴ በስትሮክ ነው የሞተው። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰብኩ መንገር አያስፈልገኝም። ባለቤቴ መኪናውን አስነሳ፤ ልጄን እማማ ጋ ትተን ሆስፒታል ሄድን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የአንድ ዓይን ጥቁሩ ክብ በድንገት ቢሰፋ «ምናልባት አትክልት ነክቼ ይሆናል» ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። ሐኪሞቹ በዚያ ሌሊት ወዲያው የጭንቅላት ሲቲ ስካን አዘዙልኝ። ልክ ነበሩ። ያ ምልክት ጭንቅላት ውስጥ የደም መፍሰስ ወይም የደም ስር ማበጥ ሊሆን ይችላል። የኔ ስካን ንጹህ ሆነ። ግን ማንም ምክንያቱን ማወቅ ስላልቻለ እዚያው አደርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ነጋ።

ጠዋት ወጣት የሆነች የዓይን ሐኪም መጣች። ዓይኔን በመሣሪያ ካየች በኋላ ብዙ ጠየቀችኝ። ዓይንሽ ውስጥ ጠብታ አድርገሻል? አላደረግኩም። የጉዞ ማቅለሽለሽ መድኃኒት፣ ከቆዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር? የለም። ከዚያ ዝም አለችና እጄን ያዘች። ቀኝ እጄን። ጥፍሮቼን ተመለከተች። ታጥቤም ጥፍሬ ስር ትንሽ አረንጓዴ ቀርቶ ነበር።

«ትናንት አትክልት ስትሠሪ ነበር?»

ሁሉም ነገር የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው። ነገርኳት። ነጭ፣ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ ማታ የሚሸት አበባ እንደሆነ ነገርኳት። እሷም ፓይሎካርፒን የሚባል ጠብታ በሁለቱም ዓይኖቼ አደረገችልኝ። ይህ ጠብታ ጥቁሩን ክብ የሚያጠብ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። የግራው የመርፌ ቀዳዳ አከለ። የቀኙ እንዳለ ፈጦ ቀረ። ነርቭ ቢሆን ኖሮ ጠብታው ያጠበው እንደነበር፣ እንዲህ እምቢ የሚለው ግን ሌላ ኬሚካል ቦታውን ቀድሞ ሲይዝበት እንደሆነ አስረዳችኝ። ተክሉ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ነገሮች እንዳሉ ጠርጥራለች። አትሮፒን የዓይን ሐኪሞች ራሳቸው ዓይን ለማስፋት የሚጠቀሙበት መድኃኒት ነው። እኔ ሳላውቅ ከቅርንጫፉ ላይ ቀድቼ ዓይኔ ውስጥ ጨምሬዋለሁ ማለት ነው። ሕክምናው መጠበቅ ነው አለችኝ። መነጽር አድርጊ፣ መኪና አትንጂ፣ በጥቂት ቀናት ይመለሳል። በስድስተኛው ቀን ተመለሰ።

እፎይ ያልኩ መስሏችኋል። እፎይታው አንድ ደቂቃም አልቆየ። ልጄ ትዝ አለችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት የወደቁትን አበባዎች እየሰበሰበች ለአሻንጉሊቶቿ ቀሚስ ስታደርግላቸው ነበር። አንዱን ባርኔጣ አድርጋ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ፎቶ አንስቻታለሁ። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። የአበባው ጠርዝ ቅንድቧን ይነካል።

ወዲያው ወደ እማማ ደወልኩ። እጇን በሳሙና እንዲያጥቡልኝ፣ አፏ ደርቆ እንደሆነ፣ ዓይኗ፣ አነጋገሯ እንዴት እንደሆነ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። «ደህና ናት ልጄ፣ ጨጨብሳ እየበላች ነው» አሉኝ። «ነግሬሽ ነበር» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ቀጥዬ ለጥበቃችን ለጋሼ ደወልኩ። እሳቸው የቆረጥኩትን ቅርንጫፍ ጠቅልለው አስረው ለበጎቻቸው ሊወስዱት ተዘጋጅተው ነበር። ደርሼ አስጣልኳቸው። የተጣለበትን ቦታ ግን አልጠየቅኩም፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ሐኪሟ ስትሸኘኝ ስሙን በእርግጠኝነት አጣሪው አለችኝ። ባለቤቴ ያነሳውን ፎቶ ከስልኩ አሳየናት። እሱም እንደ እኔ አበባውን ብቻ ነበር ያነሳው። «ቅጠሉ የታለ? ግንዱስ? ፍሬ የለውም?» አለች። ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። አበባ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ቅጠሉና ግንዱም መታየት አለባቸው።

ቤት እንደገባሁ ተክሉን እንደ አዲስ አየሁት። ጓንት አድርጌ። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ተራ በተራ፣ አንዱ እዚህ አንዱ ከፍ ብሎ እዚያ ነው የወጡት፤ ጥንድ ጥንድ አይደሉም። እያንዳንዱ ቅጠል ነጠላ ነው። የእህቴ ሐረግ ግን አንድ ዘንግ ላይ ብዙ ትንንሽ ቅጠሎች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት ነው። ይህን ብቻ ቀድሜ ባይ ኖሮ አንድ እንዳልሆኑ በአምስት ሰከንድ አውቅ ነበር! አበባውን ከላይ የያዘው አረንጓዴ ቱቦ ጫፉ ላይ አምስት ጥርስ አለው። የአበባው አፍም አምስት ሹል ጫፎች አሉት። ገና የፈካው ነጭ ነው፤ ሊረግፍ ሲል ወደ ሐምራዊነት የሚያደላ ቀይ ጥላ ይወጣዋል። ፍሬ ፈልጌ አጣሁ። ቅጠሉ ሲጨመቅ ይከረፋል። እማማ ፊታቸውን ያኮማተሩት ለዚህ ነው።

ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ ቅጠል፣ እንቡጥና አበባ እንዳለበት ቆርጬ በጋዜጣ መሃል ዘረጋሁት። ከላይና ከታች ካርቶን አድርጌ፣ ከባድ መጻሕፍት ጫንኩበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀየርኩ፤ ካልተቀየረ ይሻግታል። ሲደርቅ ቀለሙና ሽታው ስለሚጠፋ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ቁመቱን፣ የአበባውን ቀለም፣ ማታ እንደሚሸት፣ የት እንደቆመ፣ የቆረጥኩበትን ቀን። ይዤው አራት ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ካምፓስ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ሄድኩ። ሄርባሪየም የደረቁ ተክሎች በስም በስማቸው የተቀመጡበት ቤት ነው። የአገራችን ዕፅዋት ማኅደር በሉት።

እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ገና ጋዜጣውን ስገልጥ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አበባው ወደ ላይ ነው የሚያየው ወደ ታች?» ወደ ታች አልኩት። አስተናግር አበባውን ወደ ሰማይ ነው የሚከፍተው፣ ፍሬው እሾሃም ነው፣ ራሱም ለስላሳ ግንድ ያለው ቅጠላ ቅጠል ነው። ይሄኛው ግንዱ እንጨት ነው፣ አበባው ወደ መሬት ይንጠለጠላል፣ ፍሬ ቢይዝም እሾህ የለውም። ስሙ ብሩግማንሲያ ነው። የኔው ዝርያ ብሩግማንሲያ ስዋቬኦሌንስ ይባላል። ከደቡብ ምሥራቅ ብራዚል የመጣ ነው። ቤተሰቡ የድንች፣ የቲማቲም፣ የቃሪያና የትምባሆ ቤተሰብ ነው። አስተናግርም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው ያለው። ሊኒየስ የሚባለው ስዊድናዊ በ1753 (በፈረንጆች) የብሩግማንሲያን ወገን ስም ሲያወጣለት ከአስተናግር ጋር አንድ አድርጎ ነበር የመዘገበው። ሁለቱ የተለያዩት በ1805 ነው። እማማ «የአስተናግር ዘመድ ነው» ሲሉ አንድ ቃል አልተሳሳቱም።

ያን ቀን ከአራት ኪሎ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስለ ስሙ አሰብኩ። አስተናግር የሚለውን ቃል ስንጠራው አንሰማውም። የሚያስቀባጥር፣ ያለ ፈቃድ የሚያናግር ማለት እኮ ነው። የቀመሰው ሰው ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ የሌለ ነገር ያያል። የቆሎ ተማሪዎች ለትምህርት መያዣ ይጠጡት የነበረው አብሾም ከዚሁ ተክል ነው፤ ዛሬም ሞቅ ሲለው የሚነሳበትን ሰው «አብሾ አለበት» እንላለን። አባቶቻችን ማስጠንቀቂያውን ስሙ ውስጥ አስቀምጠውልናል። ቅንጭብም፣ ጉሎም እንዲሁ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግም ሰምቷል። ብሩግማንሲያ ግን ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ስሙን ይዞ አልመጣም። ከሰው ወደ ሰው፣ ከግቢ ወደ ግቢ በቅርንጫፍ ሲተላለፍ አበባው ብቻ ተላለፈ። ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ቀረ።

እማማን ጠየቅኳቸው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሴትዮ ከዘመድ ቤት አንዲት እንጨት ቆርጠው አምጥተው እንደተከሉት አስታወሱ። እንጨቱ መሬት ከነካ ይያዛል። ስሙን ማንም አልጠየቀም። ሲያምር ጊዜ ማን ይጠይቃል?

እና የኔ ምክር ከዚህ ይጀምራል። አዲስ ግቢ ስትገቡ ስሙን የማታውቁትን ተክል ስሙን እስክታውቁ ድረስ መርዝ እንደሆነ ቁጠሩት። በባዶ እጅ አትቁረጡት፣ ልጅ አይጫወትበት፣ ለከብት አይሰጥ። ያማረ ሽታ ደህንነቱን አይናገርም። ውሃ የመሰለ ፈሳሽም አይናገርም።

ስታጣሩም የሁሉም ሰው የሆነ ስም አይበቃችሁም። «ትራምፔት» ወይም «ሊሊ» ብሎ የነገራችሁን ሰው አመስግኑት፣ ግን እዚያ አትቁሙ። የላቲኑን ስም እስክታገኙ ሂዱ። ለማንበብ ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ተክል አንድ ስም ያለው እዚያ ብቻ ነው። አፕ ከተጠቀማችሁ ሙሉውን ተክል ከሩቅ፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን፣ አበባውን ከፊትና ከጎን፣ ፍሬ ካለ ፍሬውን፣ ለየብቻ አንሱ። እኔ ቆይቼ እንዲህ አድርጌ ሳነሳ ያው አፕ ብሩግማንሲያ አለኝ። መጀመሪያም ከደረደረልኝ ሦስት ስሞች አንዱ እሱ ነበር። ያኔ አላነበብኩትም። አፕ ብሎታል ብላችሁ ግን ምንም ነገር አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ።

በሰፈራችሁ ያሉ አዛውንትንም ጠይቁ። ቅጠሉን ሲያሸቱ ዝም ብላችሁ እዩ። ስሙን ባያውቁት እንኳ ዘመዱን ያውቁታል።

ልጅ ቅጠሉን ወይም አበባውን ቢያኝክ የሚታየው ምልክት ይህ ነው፦ አፍ ይደርቃል፣ ፊት ይቀላል፣ ሰውነት ይግላል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የሁለቱም ዓይን ጥቁር ክብ ይሰፋል፣ ሽንት አልወርድ ይላል፣ ከዚያ መቀባጠርና የሌለ ነገር ማየት ይከተላል። ሊገድል ይችላል። ምልክቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። አፍ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ በግድ አታስታውኩ፣ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ቅርንጫፉን ቅጠልና አበባ እንዳለበት በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ያን ሌሊት አንድ ቅርንጫፍ ይዤ ብሄድ ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀት በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር።

ተክሉን ምን አደረግነው? ለዚህ ሁለት ወር ተከራከርን። ባለቤቴ እንዲቀር ፈለገ። እኔም ልቤ ተከፈለ፣ በተለይ አንድ ነገር ካነበብኩ በኋላ። የብሩግማንሲያ ዝርያዎች ሰባት ናቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሰባቱንም ከዱር የጠፉ ብሎ መዝግቧቸዋል። ዛሬ የሚኖሩት ሰው ስለተከላቸው ብቻ ነው፣ እንደ እኛ ባለ ግቢ ውስጥ። ይህን ካነበብኩ በኋላ በዶማ መምታት ከበደኝ። ትልልቅ ልጆች ኖረውኝ ቢሆን እተወው ነበር። ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ከመጫወቻና ከመተላለፊያ ያርቀው፣ ስሙን በእንጨት ጽፎ ይስቀልበት፣ የወደቀውን አበባ በጓንት ይልቀም። የኔ ልጅ ግን ስድስት ዓመቷ ነው፣ የጎረቤት ልጆችም ግቢያችንን እንደ ራሳቸው ነው የሚያዩት።

ጥቅምት ላይ ነቀልነው። ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ መነጽር አድርገን። ግንዱን በመጋዝ፣ ሥሩን በዶማ። ቆርጠን ያወጣነውን ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አስረን ከቆሻሻ ጋር አስወገድነው። አላቃጠልነውም፤ ጭሱም መርዙን ይዞ ይወጣል ብለን ፈራን። ጉድጓዱን አስፍተን የጥብስ ቅጠል ተከልንበት።

ያን ቀን ነው ጋሼን ሰኔ ላይ የቆረጥኩትን የት ጣሉት ብዬ የጠየቅኳቸው። አጥሩ ጀርባ፣ ቦዩ ዳር ወሰዱኝ። አራቱ እንጨቶች ሥር ሰደው፣ አዲስ ቅጠል አውጥተው ቆመዋል። አንዱ እንቡጥ ይዟል። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱት በዚያ መንገድ ነው። እነሱንም ነቅለን ጆንያው ውስጥ ጨመርናቸው። የቆረጣችሁትን ቁጥቋጦ የትም እንዳትጥሉ የምለው ይህን አይቼ ነው።

ጥር ላይ እማማ ለጥምቀት ማግስት ቡና መጡ። ቧንቧው ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ከጥብስ ቅጠሉ ስር አውራ ጣት የምታክል አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብላለች። «ሥሩ ቀርቷል» አሉኝ። «የታለ ጓንትሽ?»

ላመጣ ገባሁ።